ፎርሙላ ዋንን ለኳስ ተመልካች ማሳየት

ባሕር ዳር ላይ እሁድ እሁድ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር በስክሪን አሳያለሁ። አውሮፓ ላይ የሚደረጉት ውድድሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በዚያው ሰዓት የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ካለ ስክሪኑ የኳስ ነው፤ አዲስ ተመልካች የማለምደው ሊጉ በሚያርፍበት በሰኔና በሐምሌ ነው። ያኔ ደግሞ ክረምት ነው። ከጣና በኩል ዶፍ ሲመጣ ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ስለሚያዳክመው ምስሉ ይቆራረጣል፤ ለዚህ መላ የለውም። በካፊያ ከጠፋ ግን ችግሩ ዲሹ ላይ ነው፦ ወይ አቅጣጫው ትንሽ ዞሯል፣ ወይ የኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) ኬብል መግቢያ ውሃ ገብቶታል። ክረምት ሳይገባ ሲግናሉን እያየሁ ዲሹን አስተካክላለሁ፤ መግቢያውንም አድርቄ በፕላስተር ጥብቅ አድርጌ እጠቀልላለሁ።

ዋናው ነገር ውድድሩን እየተከታተልኩ የምጽፍበት ሰሌዳ ነው። ፊት ላይ የሚታየው መኪና ገና ጎማ ያልቀየረ ሊሆን ስለሚችል በዓይን ብቻ ማን እየመራ እንደሆነ አይታወቅም። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ተወዳዳሪዎች የጎማውን ዓይነት (ቀይ ለስላሳ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ነጭ ጠንካራ)፣ የቀየሩበትን ዙርና ከኋላቸው ካለው ጋር ያላቸውን ልዩነት በሰከንድ እጽፋለሁ። በደረቅ ውድድር ቢያንስ ሁለት ዓይነት ጎማ መጠቀም ግዴታ ነው። አራቱም ጎማ ተቀይሮ የሚያልቀው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ፒት (ጎማ የሚቀየርበት የትራኩ ዳር መንገድ) ውስጥ ግን ፍጥነት ስለሚገደብ ጠቅላላ ኪሳራው በብዙ ትራኮች 20 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። መሪው በ23 ሰከንድ ከራቀ ቀይሮ ሲወጣም መሪ ነው፤ በ17 ከሆነ ቦታውን ያጣል። ይቺ ስሌት የገባችው ሰው ማንም ማንንም ሳይቀድም አሥር ዙር ቢያልፍ ንቅንቅ አይልም። አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ የሚመራው ሴፍቲ ካር ሲወጣ ሁሉም ስለሚያዘግም የመቀየሩ ኪሳራ ይቀንሳል፣ ሰሌዳውም ይገለባበጣል። ቤቱ የሚጮኸው ያኔ ነው።

ጉድለቱንም ቀድሜ እናገራለሁ። የፊተኛው መኪና አየሩን ስለሚያውክ ከኋላው ያለው መኪና ኩርባ ላይ መሬት መያዝ ያቅተዋል፣ ጎማውም ይግላል፤ ፈጣን ሆኖ ሳለ መቅደም አይችልም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሹፌሩ ማክስ ቨርስታፐን ከ22 ውድድሮች 19ኙን አሸንፏል፤ በእንዲህ ያለ ዓመት ሰሌዳውን ከሁለተኛው ጀምሬ እሞላለሁ።

ትራኩ ዳር ያለውም ቢሆን ሁሉን አያይም። ቤልጂየም ያለው የስፓ ትራክ አንዱ ዙር 7 ኪሎ ሜትር፣ ውድድሩ 44 ዙር ነው፤ አንድ ቦታ የቆመ ሰው መኪናውን በየዙሩ የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ደረት የሚመታው የሞተር ድምፅ ግን የእሱ ብቻ ነው፤ ያንን ስፒከር አያመጣውም።

በከተማ መንገድ ላይ ለሚደረገው ለሞናኮ ውድድር ሰው የምጠራው ቅዳሜ፣ የእሁዱን የመነሻ ቦታ ለሚወስነው ማጣሪያ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የእሁዱ 78 ዙር ብዙ ጊዜ ሰልፍ ይሆናል።