አሊያስ የያዘው የድሮ ግብር

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ጠዋት ሐረጎን በሚኒባስ እወርዳለሁ። የምሠራበት መጋዘን የደመወዝ ፕሮግራሙ ሩቢ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። የጻፈው ልጅ ሲለቅ ለእኔ ቀረ።

ሐምሌ 2017 የገቢ ግብር ተሻሻለ። ግብር የማይነካው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ እርከኖቹም ተቀየሩ። የድሮውን ኮድ ላለመነካካት አዲስ ፋይል ከፍቼ «ግብር» የሚለውን ሜተድ፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ ግብሩን የሚያሰላውን የኮድ ቁራጭ፣ በአዲሱ እርከን እንደገና ጻፍኩት፤ ሩቢ ይህን ይፈቅዳል። በ4,000 ብር ሞከርኩት፣ 300 አለኝ። ልክ ነው። ዘጋሁት።

የደመወዝ ቀን አንድ ጥበቃ መጡ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ይችን እይልኝ።»

ደመወዛቸው 4,000 ብር ነው። ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ አስልተዋል፤ 15 ፐርሰንቱ 600፣ ከዚያ ላይ ግብር የማይነካው የ2,000 ብር ድርሻ የሆነው 300 ሲቀነስ 300። እኛ የቆረጥንባቸው ግን 497 ብር ከ50 ነው። «197 ብር ከ50 የት ገባ?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። ለሳቸው ይህ ብር ቀላል አይደለም። ደነገጥኩ።

497 ከ50 በድሮው እርከን የሚመጣው ሒሳብ ነው። የቋሚዎቹን ሊስት አየሁ፣ ደህና ነው። የኮንትራቶቹ በሙሉ የተሳሳተ። የኮንትራቶቹ ሊስት ሜተዱን የሚጠራው «ታክስ» እያለ ነው። የድሮው ፋይል ግርጌ ላይ አንድ መስመር አገኘሁ፤ አሊያስ ታክስ ግብር። አሊያስ ለአንድ ሜተድ ሁለተኛ ስም የሚሰጥ የሩቢ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ስም፣ ቀጥሎ የድሮው፣ መሃላቸው ኮማ የለም።

እኔ አሊያስን እንደ ቁልምጫ ነበር የማስበው፤ በየትኛውም ስም ብትጠሩ ያው ሰው አቤት ይላል። እንደዚያ አይደለም። አሊያስ የሚይዘው ያ መስመር በተነበበበት ሰዓት የነበረውን ሜተድ ነው፣ ስሙን አይከተልም። ከዚያ በኋላ «ግብር»ን እንደ አዲስ ብትጽፉት «ታክስ» የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። የሩቢ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፣ ብዙዎች የድሮውን ሜተድ አስቀርተው አዲስ ሊደርቡበት ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሞከርኩት በአንዱ ስም ብቻ ነበር።

የአሊያሱን መስመር ከአዲሱ ሜተድ በታች ብደግመውም ይሠራ ነበር። ግን እርከኑ ነገ ቢቀየር ሌላ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ አጠፋሁትና «ታክስ»ን ራሱን የቻለ ሜተድ አደረግሁት፤ ሥራው «ግብር»ን መጥራት ብቻ ነው። በተጠራ ቁጥር ያን ጊዜ ያለውን ያገኛል።

አሥራ ሰባት ሰው ነበር የተነካው። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ነገርኳቸው፣ ግብሩ ገና ገቢ ስላልሆነ የሁሉም ልዩነት በዚያው ቀን ተከፈለ። ለጥበቃው አዲሱን ወረቀት በር ድረስ ወሰድኩላቸው።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«አብሽሪ» አሉኝ። ከዚያ እርሳሳቸውን አውጥተው እዚያው ቆመው ከመጀመሪያው አሰሉት።