ተማሪ የለመደ አገር

የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሲወጣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ጎጃምን የማውቀው በጤፉና በቅቤው ብቻ ነበር። እናቴ በጥሪው ማስታወቂያ የተዘረዘረውን ሁሉ አሰናዳችልኝ፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የማስረጃዎቼን ዋናና ኮፒ። ከዚያ በላይ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ጨመረችበት።

ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጎሃ ጽዮንን እንዳለፍን መሬቱ ድንገት ተቆርጦ የዓባይ በረሃ ተከፈተ። አውቶቡሱ በጠመዝማዛው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ከታች በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ አለ። አሮጌውም ከጎኑ ቆሟል።

እንደተሻገርን አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አዛውንት «እንግዲህ ጎጃም ገባሽ ልጄ። ተማሪ ነሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ደጀን ለምሳ ወርደን በልቼ ልከፍል ስል አስተናጋጁ ተከፍሏል አለኝ። እሳቸው ናቸው። ላመሰግናቸው ስጠጋ «ተማሪ አይከፍልም» አሉና ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለአዳማ ልጅ ብርዱ አጥንት ይገባል። ስሜን ብሎኩ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ፈልጌ አገኘሁ። ላይኛው አልጋ ደረሰኝ። ከባሌ፣ ከሆሳዕናና ከዚያው ከጎጃም ከስናን የመጡ ልጆች አብረውኝ ተመድበዋል። የመጀመሪያው ሌሊት ማንም ብዙ አላወራም። መብራት ከጠፋ በኋላ አንዷ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር። እኔም ያው ነበርኩ።

ጠዋት የባሌዋ ልጅ ሻንጣዋን ከፍታ የጭኮ ዕቃዋን መሀል ላይ አስቀመጠች። ዝም ብላ ማንኪያ አደለችን። እኔ ዳቦ ቆሎዬን አወጣሁ። የስናኗ የገብስ በሶ በጠበጠች። የዶርማችን ወሬ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ትምህርቱ ግን በቀላሉ አልተገራልኝም። ሃይስኩል መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ አንተ ትገለብጣለህ። እዚህ በእንግሊዝኛ አውርቶ ይወጣል፣ ሃንዳውቱን ራስህ ትታገለዋለህ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ማትስ፣ ጂኦግራፊ በአንድ ሳምንት ይደራረባሉ። ሲኒየሮች «ከአሁኑ ችከላ ጀምሩ» ይሉናል። ከ2.00 በታች አማካይ ውጤት የሚለው ነገር ከሁላችንም ጭንቅላት አይጠፋም። ከላይብረሪ ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ካፌ ስመላለስ ሳምንታት አለፉ። ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን አገር ገና አላየሁትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ የስናኗ ልጅ «ቤት እንሂድ» አለችን። ረቡዕ ገበያ ወደምትባለው የስናን ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ወደ ጮቄ ተራራ ያወጣል። ከፍ ባልን ቁጥር ጤፉ እየቀረ ገብስና ድንች ይበዛል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጨሞጋና ሙጋን የመሳሰሉ የዓባይ ገባሮች የሚነሡት ከእሱ ነው። ጂኦግራፊ ክፍል ስለ ተፋሰስ ስንማር ስም ብቻ ነበር። እዚህ ግን በየሸለቆው ሲፈስ ይታያል። ለፈተናም በደንብ ያዘልኝ።

እናቷ ገና ከበር «እሰይ ልጆቼ! ብርዱ አልጎዳችሁም?» እያሉ አቀፉን። ወዲያው የሞቀ ውሃ በገበቴ አምጥተው እግራችንን ሊያጥቡ ተንበረከኩ። እኔ እግሬን ሰበሰብኩ። «ኧረ እማማ፣ ራሴ እታጠባለሁ» ብል ማን ሰምቶኝ! ጭቃውን በጣታቸው እየፈተጉ አወረዱት፣ ተረከዜን አሹት፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት። ከዚያ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ አጎረሱን።

አባቷ ልጅ ሆነው ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ቅኔ ቤት የሄዱ ሰው ናቸው። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። አዳማ፣ ባሌ፣ ሆሳዕና ስንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሩቅ ነው። እኛም ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንጠልጥለን ነው የወጣነው። ለእናት እንኳ አይነገርም ነበር። የማታውቂው ሰው በር ላይ ቆመሽ በእንተ ስማ ለማርያም ትያለሽ። ያለው ይቆርስልሻል። የመጀመሪያው ዓመት የብርድና የውሻ ነው፤ ጉባኤ ቃና የቆጠርሽ ቀን ግን ልብሽ ይረጋል።» ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ነው፤ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

የደጀኑ አዛውንት ነገር የገባኝ ይሄኔ ነው። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ እያለ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ለዘመናት ሲማር የኖረው ጎጃም ውስጥ ነው። ከሩቅ የመጣ ልጅ ደጁ ሲቆም ምን እንደሚደረግ ሕዝቡ ያውቀዋል። ለፍሬሽ ተማሪ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብዙ ይመከራል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የተመደባችሁበትን አገር ሰው እወቁ እላለሁ። እኔን ግቢውን ያስለመደኝ ከግቢው መውጣቴ ነው።

አባባ ስንሰናበት «ሌሊት ተነሥታችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ቀጽሉ። አንዷ ስትስት ሌላዋ ታርም» አሉን። እንዳሉት አደረግን። ጎህ ሳይቀድ ባዶ ክፍል ገብተን የባሌዋ ማትስ ታስረዳለች፣ እኔ ሎጂክ ጮክ ብዬ እላለሁ፣ የሆሳዕናዋ ታርመኛለች። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሁላችንም አለፍን።

ለእረፍት አዳማ ስገባ ለእናቴ ስለ እግር አጠባው ነገርኳት። አለቀሰች። ስመለስ ቡናና ሻሽ ለስናኗ እናት ላከች። አሁን ሁለቱ በስልክ ይጠያየቃሉ። ለፋሲካ አዳማ መሄድ ካልቻልኩ ስናን እንድውል ተስማምተዋል።