እንቁጣጣሽን በነሐሴ፣ ጅማ ላይ እንዴት እንደቀረጽነው

የበዓል ልዩ ዝግጅት ከበዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ እንደሚቀረጽ ተመልካች ያውቃል፤ እያወቀም ይቅር ይላል። እኔም የ2016ን እንቁጣጣሽ የቀረጽኩት በነሐሴ አጋማሽ ነው። አደይ አበባው የላስቲክ ነበር፤ ውጭ ያለው ጭቃ ግን የምር። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሳለች በኪነት ቡድን ውስጥ የነበሩ፣ ቡድኑ ሲበተን አንድ ሁለት ካሴት አውጥተው የተረሱ ሰዎችን ሰብስቤ፣ በረከቦት ዙሪያ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ማዘፈንና ማጨዋወት። አንድ ጣቢያ አርባ ደቂቃ ሰጠኝ። አምስት ሰው አገኘሁ። ከሁሉም ወጣቱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሲሆን እርሱም የልጅ ልጅ አይቷል።

መጀመሪያ የተጋጨሁት ከፈቃድ ጋር ነው። ድምፃዊው «ዘፈኑ የእኔ ነው፤ ማንን ልትጠይቅ ነው?» አሉኝ። ዜማው በእርግጥ የእርሳቸው ነው። ግጥሙ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ያውም በሕይወት የሌሉ። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲን መብት በሕይወት ሳለም፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የገጣሚውን ልጆች አጋሮ ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። ገንዘብ አልጠየቁም። ዘፈኑ ሲጀምር የአባታቸው ስም በጉልህ እንዲጻፍ ብቻ አስፈረሙኝ፤ ለካስ በካሴቱ ሽፋን ላይ ስማቸው አልወጣም ነበር። እኔ ግን አጋሮ የሄድኩት ልምምዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እምቢ ቢሉኝ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ውሃ በልቶት ይቀር ነበር።

የተከራየነው አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፃዊቷ አንድ ስንኝ ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ፤ ማይክሮፎኑ ከእርሳቸው ድምፅ ይልቅ የቆርቆሮውን ጩኸት ለቀመ። ከዚያ ወዲያ ሥራችንን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረን በስድስት ሰዓት ማቆም ሆነ። ግድግዳው ደግሞ ባዶ ስለነበር ድምፅ ያስተጋባል። ስፖንጅ ከአዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከሚመጣ ብዬ፣ ከአንድ ቡና ነጋዴ ስልሳ የቃጫ ጆንያ ተዋስኩና በገመድ ሰቀልኩት። ማስተጋባቱ ጠፋ። ቡና ቡና መሽተቱን ማንም አልጠላውም፤ ከበሮ መቺው ብቻ ከጆንያው አቧራ የተነሳ ሲያስነጥሱ ዋሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የድምፅ ከፍታው ነው። ድምፃዊው በሠላሳ ዓመታቸው የወጡትን ዳገት በሰባ አንድ ዓመታቸው አይወጡትም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግድ አልነበረውም፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሙዚቃውን በአንድ ድምፅ ዝቅ አደረገው። ሳክስፎን ነፊው ተቆጡ። «አንተ በቁልፍ ትወርዳለህ፤ እኔ የምወርደው በጣቴ ነው!» እውነታቸውን ነው። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ቢሆንም፣ መነሻ ድምፁ ሲለወጥ አርባ ዓመት ያለ ሐሳብ ሲሄዱ የኖሩ ጣቶች መንገድ ይጠፋባቸዋል። ሪድ የምትባለዋ፣ ሳክስፎኑን የምታናግረው ቀጭን የሸምበቆ ልጥም አንድ ብቻ ነበረቻቸው፤ ጠርዟ ተሰንጥቆ በጥፍር ቀለም ተለብጣለች። እንደ ቁርባን በሁለት ጣት ይዘው፣ በምላሳቸው አርሰው፣ ወደ ሳክስፎኑ አፍ ሲያስገቧት ካሜራውን አስጠጋሁት። ቤታቸው ሄደው ሦስት ቀን በአዲሱ መነሻ ተለማምደው መጡ። ድምፃዊውን አስቀድሜ ቤታቸው ሄጄ ያለ መሣሪያ ባዘፍናቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ካሴቱን እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

በርጩማውም ጉድ ሠራኝ። የጅማ በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ፣ በካሜራ ሲያዩት ያምራል። ድምፃዊቷ ዘፈኑ ሲሟሟቅ እስክስታ ሊመቱ ለመነሳት ቢሞክሩ ጉልበታቸው እምቢ አለ። «ልጄ፣ ይህን ለእንግዳ ነው ለቡና አፍይ ያዘጋጀኸው?» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እርሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ ተቀምጠው በትከሻቸው ብቻ መቱት። ያንን አስቀረሁት። በማግስቱ ግን ወንበር አስመጣሁ።

በመጨረሻ የቀረው የመልካም ምኞት መግለጫ ነበር። ሁሉም «እንኳን አደረሳችሁ» አሉ፤ ድምፃዊው ግን አሻፈረኝ አሉ። «ገና አሥራ ስምንት ቀን ይቀራል። ሳልደርስ እንዴት አደረሳችሁ እላለሁ?»

«ጋሼ፣ ተመልካቹ የሚያየው በመስከረም 1 እኮ ነው።»

«እርሱ ይይ። እኔ ያለሁት በነሐሴ ነው። ያድርሰን።»

ሦስት ጊዜ ደጋገምን፤ ሦስቱንም ጊዜ «ያድርሰን» አሉ። ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ቀን ስለነበረች ለቅንብር አንድ ትርፍ ቀን አገኘሁ። ያንን ቀን ሙሉ ቃሉን ልቁረጠው ወይስ ልተወው እያልኩ ፈጀሁት። ተውኩት። የበዓሉ ዕለት ዝግጅቱ ገና ሳያልቅ ከጣቢያው ስልክ ተደወለልኝ። «አንዱ ሽማግሌ እንኳን አደረሳችሁ በማለት ፈንታ ያድርሰን ይላሉ፤ የተሳሳተ ቅጂ ነው እንዴ የላክህልን?»

«አይደለም» አልኩ። ከበስተኋላቸው ሳክስፎኑ ይሰማኛል፤ በአዲሱ መነሻ፣ ሳይሳሳት።