የሉድሎው የድሮ ካርታዎች፦ ሦስተኛ ወሬ

የድሮ ካርታ ማንበብን በአንዲት ከተማ ላይ ብቻ ለመለማመድ ከቆረጥኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የመረጥኩት በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ለዌልስ ድንበር ቀረብ ብላ በሽሮፕሻየር የምትገኘውን የገበያ ከተማ፣ ሉድሎውን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ መንግሥት ካርታ ሠሪ ድርጅት) ዝርዝር ካርታዎች ዳግም እትም ተዘርግቷል፤ አንዱ ወረቀት የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሌላው የ20ኛው መጀመሪያ ነው።

ሌላ ሰው እንዳይደግመው ስህተቴን ላስቀድም። ካርታው ሲሠራ ስኬሉ 1:2500 ነበር፤ 1 ሴንቲሜትር 25 ሜትር ማለት ነው። ቁጥሩ በዳግም እትሙም ላይ ስለታተመ አምኜ ማስመሪያዬን አነሳሁ። ከበተርክሮስ ሕንጻ እስከ ብሮድ ጌት፣ ማለትም እስከ አሮጌው የከተማ በር፣ ያለው የብሮድ ስትሪት ቁልቁለት 5 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ፤ 125 ሜትር ብዬ ጻፍኩ። መንገዱን ግን ዓምና በእግሬ ወርጄዋለሁ፤ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ሁለት ምሽት ከዚህ ጋር ስታገል አመሸሁ።

ለካ አሳታሚው ወረቀቱ ለእጅ እንዲመች ካርታውን አሳንሶት ኖሯል። የታተመው ቁጥር ባለበት ቀርቷል፤ ከካርታው ጋር አብሮ የሚያንሰው ግርጌ ላይ የተሳለው የስኬል መስመር ብቻ ነው። አሁን በቁራጭ ወረቀት ጠርዝ ላይ ሁለት ነጥብ አደርግና ወደ መስመሩ ወስጄ አነጥፈዋለሁ። ማስመሪያ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የወሰደው ግን የገበያው ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን ከከተማዋ ቤተ መንግሥት ግንብ በር ቡል ሪንግ እስከሚባለው መንገድ ድረስ አንድ ሰፊ የገበያ መንገድ ነበር። ነጋዴዎች ጠዋት ተክለው ማታ የሚያፈርሱት ዳስ ቀስ በቀስ ቋሚ ቤት ሆነና ሰፊው መንገድ ወደ ጠባብ መተላለፊያዎች ተከፋፈለ፦ ኪንግ ስትሪት፣ ማርኬት ስትሪት፣ ሃርፕ ሌን፣ ቸርች ስትሪት። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር፤ ካርታው ላይ ማየት ግን ሌላ ነው። የብሮድ ስትሪት ቤቶች እያንዳንዳቸው ከጀርባቸው ረጅምና ቀጭን ጓሮ አላቸው። በእነዚያ መተላለፊያዎች መካከል ያሉት ግን ጓሮ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ቤቱ ግድግዳው ላይ ያበቃል። በላዩ ስስ ወረቀት አንጥፌ ጓሮ የሌላቸውን ብቻ በቀይ እርሳስ ቀባሁ። ቀዩ ተያይዞ ወደ ግንቡ አቅጣጫ ሲዘረጋ ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። የጠፋው ገበያ ቅርጽ እሱ ነው።

በግንቡ ፊት ባለው አደባባይ ላይ በኋላኛው ወረቀት አንድ ትልቅ ሕንጻ ቆሟል፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ማዘጋጃ ቤት ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ፈረሰ፤ ዛሬ ሥፍራው ክፍት ሆኖ የገበያ ድንኳን ይተከልበታል።

አጫጭር ምልክቶቹን ገና እየለመድኩ ነው። ቢ ኤም የሚሉት ሁለት ፊደላት ቀያሾች በድንጋይ ላይ የቀረጹትን የከፍታ ምልክት ያመለክታሉ፤ አጠገባቸው ያለው ቁጥር ከባሕር ወለል በላይ በጫማ (በፉት) የተለካ ከፍታ ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ የከተማው ቅጥር ነው። ከሰባቱ በሮች ቆሞ የቀረው ብሮድ ጌት ብቻ ነውና ከእሱ ተነሥቼ መስመሩን በጓሮ ወሰኖች መካከል ልከተል አስቤያለሁ። የፈረሰ ቅጥርን ከተራ የግቢ አጥር የለየ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ በምን እንዳወቀው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።