ባዶው ጉድጓድ ወይን ጠጅ ሲሆን፦ ከጦስኝ ጋር ያሳለፍኩት ስምንት ወር

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ በጦስኝ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት በሦስት የተለያዩ ቀናት የሠራኋቸው ሙከራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ስለሰጡኝ፣ በዕፅዋት መድኃኒት ላይ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ ልምዴን ለማካፈል ወደድኩ።

ጥያቄው ከቤት የመጣ ነው። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ጦስኝ አፍልተው ያጠጡናል፤ እኔም ተክሉ የመተንፈሻ ቱቦ ሕዋሳት ከልክ በላይ አክታ እንዳያመርቱ ይገታ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። የምጠቀመው ከሰው የሳንባ ካንሰር የተገኙትን ኤች292 የተባሉ ሕዋሳት ነው፤ ኢጂኤፍ የተባለው የዕድገት ፕሮቲን ሲጨመርባቸው ከአክታ ዋና ዋና ፕሮቲኖች አንዱ የሆነውን ሙክ5ኤሲን በብዛት ያመርታሉ፣ መጠኑም ኤላይዛ በተባለ የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ይለካል። ሕዋሳቱን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማባዛትና ከብክለት መጠበቅ ትዕግሥት እንጂ ሌላ ስለማይጠይቅ አልፈዋለሁ።

ወራቴን የበላው ሌላ ነው። የሞተ ሕዋስም አክታ አያመርትምና፣ የሙክ5ኤሲ መቀነስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የሕዋሳቱን ሕይወት የምለካው ኤምቲቲ በተባለው ቢጫ ማቅለሚያ ነበር፤ ሕያው ሕዋስ ይህን ማቅለሚያ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለውጠዋል። የጦስኙን መጠን በጨመርኩ ቁጥር አክታው እየቀነሰ ቀለሙ ግን እየደመቀ ስለሄደ እጅግ ተደሰትኩ፤ ለአማካሪዬም መድኃኒቱ ሕዋሳቱን ሳይጎዳ ሠርቷል ብዬ አቀረብኩ። ሕዋሳቱ ከሚያድጉበት የሙከራ ሰሌዳ ትንንሽ ጉድጓዶች መካከል ሕዋስ በሌለበት በአንዱ ውስጥ የጦስኙን ጭማቂና ማቅለሚያውን ብቻ ለመጨመር ያሰብኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ባዶው ጉድጓድም ወይን ጠጅ ሆነ። በተክሉ ውስጥ ያሉት ፌኖላዊ ውህዶች ኤሌክትሮን ስለሚሰጡ ማቅለሚያውን ያለ ሕዋስ ይለውጡታል። በከፍተኛው መጠን ላይ ሕያው ያልኳቸውን ሕዋሳት በትራይፓን ብሉ ቀልሜ በማይክሮስኮፕ ስቆጥር አብዛኞቹ ሰማያዊ፣ ማለትም የሞቱ ነበሩ።

አሁን ማቅለሚያውን ከመጨመሬ በፊት ሕዋሳቱን ሁለት ጊዜ አጥቤ ጭማቂውን አስወግዳለሁ፣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ሕዋስ አልባ ጉድጓዶችን እተዋለሁ፣ ሁልጊዜም እቆጥራለሁ። በእኔ እምነት በኤምቲቲ ብቻ የተደገፈ የዕፅዋት ውጤት ለኅትመት መቅረብ የለበትም። በዝቅተኛው መጠን፣ ሕዋሳቱ በሕይወት እያሉ፣ አክታው በመጠኑ ቀንሷል፤ ያኮራኝም ይህ ትንሽ ቅናሽ ነው።

አንድ ያልተስተካከለ ጥፋት ግን አለብኝ። የተጠቀምኩበትን ጦስኝ ከመርካቶ በእስር ገዝቼ፣ ናሙና ሳላስቀር ፈጨሁት። በአገራችን ጦስኝ የሚባሉት ቲመስ ሺምፔሪና ቲመስ ሴሩላተስ የተባሉ ሁለት ዝርያዎች ስለሆኑ፣ የእኔ ውጤት የየትኛው እንደሆነ ከዱቄቱ መለየት አልቻልኩም። በሚቀጥለው ወር አበባ ያለው ተክል ራሴ ለቅሜ፣ አንዱን ቅርንጫፍ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ለሚቀመጥበት ለብሔራዊ ሄርባሪየም አስረክቤ፣ ሙከራውን ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።