ስለ ሰዶም የተከራከረ፣ ስለ ይስሐቅ ዝም ያለ

በአገራችን የአንድ ሰው ጉዳይ ከሌሎች ቀድሞ ሲፈጸምለት «እዚያ ቤት ሰው አለው» ይባላል። ስለ እግዚአብሔር ወዳጅነት ስንነጋገርም ይኸው አስተሳሰብ ሳናስተውለው አብሮን ይገባል። የእግዚአብሔር ወዳጅ ማለት ጸሎቱ ወረፋ የማይጠብቅ፣ ሌላው የተከለከለውን የሚያገኝ፣ በላይኛው ቤት ሰው ያለው ሰው ይመስለናል። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስም የጠራውን ሰው ታሪክ ረጋ ብሎ ለሚያነብ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ያ ሰው አብርሃም ነው። ንጉሡ ኢዮሣፍጥ በጸሎቱ «ወዳጅህ አብርሃም» ብሎ ጠርቶታል፤ በነቢዩ ኢሳይያስ አፍ እግዚአብሔር ራሱ «ወዳጄ» ብሎታል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም «የእግዚአብሔርም ወዳጅ ተባለ» ሲል ጽፏል። የተቀበረባት የኬብሮን ከተማ በዐረብኛ እስከ ዛሬ «አል ኸሊል»፣ ማለትም ወዳጁ፣ እየተባለች የምትጠራው በዚሁ በእርሱ ስም ነው። በእኛም ዘንድ ሥላሴ በቤቱ የተስተናገዱበት ቀን ሐምሌ 7 ይከበራል፤ በሠርግ ቀንም «የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ብለን እንመርቃለን።

ይህ ወዳጅነት በአንድ ቀን የተመሠረተ አይደለም። አብርሃም ከካራን የወጣው በ75 ዓመቱ ነው፤ ይስሐቅ የተወለደለት በ100 ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ረሃብ ወደ ግብፅ አሰደደው፣ በፍርሃት ሚስቱን እኅቴ ናት አለ፣ ተስፋው ሲዘገይበትም በሣራ አገልጋይ በአጋር በኩል ልጅ ፈለገ። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ቀጥሎ እግዚአብሔር ተገልጦ ሲያነጋግረው 99 ዓመት ሆኖታል። በመካከሉ ስላሉት 13 ዓመታት ኦሪት አንዲት ቃል አትናገርም። እግዚአብሔርን የሚወድ ሰው ዘወትር ድምፁን ይሰማል ብለው ለሚያስተምሩ ሰባኪዎች ይህን ክፍተት ባሳያቸው ደስ ይለኛል፤ የወዳጅነቱ ረጅሙ ክፍል ያለፈው በዝምታ ነውና።

«አብርሃም በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት» የሚለው ቃል የተነገረው በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ነው። ግዝረት የታዘዘው ከዚያ በኋላ በምዕራፍ 17 ሲሆን ይስሐቅን እንዲሠዋ የተጠየቀው ደግሞ በምዕራፍ 22 ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ቆሞ ይከራከራል፤ አብርሃም የተቀበለው ሠርቶ ስለ ከፈለ አይደለም ይላል። ያዕቆብ ደግሞ ያ የቀድሞው ቃል አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ በወጣበት በሞሪያ ተራራ ላይ «ተፈጸመ» ይላል። ሁለቱን ሐዋርያት ማጋጨት የለመዱ ሰዎች አሉ፤ ለእኔ ግን አንዱ ስለ ሥሩ፣ ሌላው ስለ ፍሬው የሚናገር ሆኖ ይታየኛል። መታዘዝ የወዳጅነት ዋጋ ቢሆን ኖሮ አብርሃም ገና ምንም ሳያደርግ፣ ከዋክብትን ቍጠር ተብሎ ወደ ሰማይ ባየባት ሌሊት ምን በከፈለ ነበር? እምነቱ ግን ቃል ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ተራራውን ባልወጣ ነበር።

የወዳጅነቱ ምሥጢር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ በምዕራፍ 18 ነው። አብርሃም ያስተናገዳቸው እንግዶች ድንኳኑ ካለበት ከመምሬ ተነሥተው ወደ ሰዶም ሲያቀኑ እግዚአብሔር «እኔ የማደርገውን ከአብርሃም እሰውራለሁን?» ይላል። ሰዶም ስለ ክፋቷ ልትጠፋ እንደ ሆነም ገለጠለት። አብርሃም ያን ምሥጢር ሰምቶ ምን አደረገ? ለራሱ ምንም አልጠየቀም። የእርሱ ላልሆነች፣ በክፋቷ ለታወቀች ከተማ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ በድፍረት ተናገረ፤ ወዲያው ደግሞ «አፈርና አመድ» መሆኑን አመነ። በውስጧ ስላሉ ጻድቃን ብሎ ከተማዪቱን እንዲምር እየለመነ ከ50 ጻድቃን ተነሥቶ ወደ 45፣ ወደ 40፣ ወደ 30፣ ወደ 20፣ በመጨረሻም ወደ 10 ወረደ፤ ስድስት ጊዜ ለመነ፣ ስድስቱንም ጊዜ መልስ አገኘ። ድፍረቱና ትሕትናው በአንድ ንግግር ውስጥ ተዋሕደው ይገኛሉ። እግዚአብሔርን እንደ እኩያው የሚያናግር ሰው እንዲህ አይናገርም፤ ከፍርሃት በቀር ሌላ የማያውቅ ባሪያም እንዲህ አይደፍርም።

ይኸው ተከራካሪ ሰው «የምትወደውን አንድ ልጅህን» ሠዋ በተባለ ጊዜ ግን አንዲት የተቃውሞ ቃል አልተናገረም። በማለዳ ተነሣ፣ አህያውን ጫነ፣ እንጨት ፈለጠ፣ በሦስተኛው ቀን ቦታውን ከሩቅ አየ። ቀደም ሲል ለራሱ ጉዳይ አልለመነም ማለቴ አይደለም፤ «ያለ ልጅ እሄዳለሁ» ብሎ አዝኗል፣ ስለ እስማኤልም ለምኗል። በሞሪያ ግን ዝም አለ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ስድስት ጊዜ የተሟገተ አንደበት የራሱ ነገር ሲጠየቅ ታዘዘ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። የጎረቤት ልጅ ሲታመም፣ የሩቅ አገር ሰው በጦርነት ሲሰደድ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ለማለት እንፈጥናለን፤ የራሳችን ሥራ፣ የራሳችን ቪዛ፣ የራሳችን ቤት ሲነካ ግን ሱባኤ እንገባለን፣ ስእለት እንሳላለን፣ ለምን ብለን እንሟገታለን። ስለ ራስ መለመን ኃጢአት አይደለም፤ መዝሙረ ዳዊት በዚሁ የተሞላ ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ወዳጅ ትዕግሥቱን ለራሱ፣ ሙግቱን ለሌላው ያውል እንደ ነበር የአብርሃም ታሪክ ይመሰክራል።

በጌራራ የሆነው ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። አብርሃም በዚያም እንደ ግብፁ ሁሉ ሚስቱን እኅቴ ናት ብሎ ንጉሡን አቢሜሌክን ለጥፋት አጋለጠው። እግዚአብሔር ለአቢሜሌክ በሕልም ሲናገር ግን አብርሃም ነቢይ እንደ ሆነና ስለ እርሱ እንደሚጸልይለት ነገረው፤ ጸለየለትም፣ ቤቱም ተፈወሰ። በደለኛው ለተበደለው እንዲማልድ ተላከ።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመጨረሻዋ ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ «እኔ ያዘዝኋችሁን ሁሉ ብታደርጉ እናንተ ወዳጆቼ ናችሁ» ባላቸው ጊዜ ይህ ሁሉ ታሪክ ከቃሉ በስተጀርባ ይሰማኛል። ቀጥሎ «ባሪያ ጌታው የሚያደርገውን አያውቅምና» ይላል፤ በመምሬ እንደ ሆነው፣ ወዳጅ ምሥጢር ይገለጥለታል። የታዘዘውም ነገር ምን እንደ ሆነ ከቃሉ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ የሚል ነው። ይህን የሰሙት ሰዎች ሌሊቱ ሳያልፍ ሸሹ፣ ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ካደ። ወዳጆች ተብለው የተጠሩት ግን ከመሸሻቸው አስቀድሞ ነው፤ ጌታም መጠሪያውን መልሶ አልወሰደባቸውም።

ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ የጠየቀው ስለ ክህደቱ አልነበረም፤ «ትወደኛለህን?» እያለ ነበር። ጴጥሮስ «አዎን ጌታ ሆይ» ባለ ቍጥርም የተሰጠው ምላሽ ስለ ሌሎች ነበር፤ ግልገሎቼን አሰማራ፣ ጠቦቶቼን ጠብቅ፣ በጎቼን አሰማራ።