ከማኪያቶው ይልቅ ጀጎል

ከማያውቁት ሰው ጋር ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ መተዋወቅ ለእኔ ከሥራ ቃለ መጠይቅ አይለይም። የት ተማርክ፣ የት ትሠራለህ፣ ስንት ወንድምና እህት አለህ፤ ማኪያቶው ሳያልቅ ወሬው ያልቃል። ስለዚህ ድሬዳዋ ያለች የሥራ ባልደረባዬ «የማስተዋውቅሽ ልጅ አለ» ስትለኝ፣ «እንግዲያው አራት ሆነን ሐረር እንሂድ» አልኳት። እሷ ከባለቤቷ ጋር መጣች። ለመጀመሪያ ትውውቅ ከምታምኑት ሰው ጋር መሄድ መልካም ነው፤ ሴቶች በተለይ ይህን አትተዉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ የድሬ ሙቀት ከኋላችን ቀረ። ልጁ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊት ስላልሆንን ዝም ማለቱ አላስጨነቀንም። አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው ግርግር ራሱ ወሬ ሰጠን።

ሐረርን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ ከተማዋም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። ለእኛ ጉዳይ ግን የበጀን የመንገዶቹ ጥበት ነው። አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት ሲመጡ ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋቸው፤ ሰላምታም ሰጣቸው። ማን እንደሚያየው አልተገላመጠም።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ በሚወስደው «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ። ጨርቅ ገዛሁና ጠርዙን እንዲቀመቅሙልኝ አንድ አዛውንት ዘንድ ቆምን። ከፊታቸው የተከመረ ሥራ ነበር። «አባቴ፣ ጊዜ ካለዎት ብቻ ነው፤ ካልሆነ ነገ እንመለሳለን» አላቸው ልጁ። እሳቸውም «ቁጭ በሉ ልጆቼ» ብለው መርፌውን አስተካከሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ፣ ጨርቁ በጣታቸው ሥር ሲንሸራተት እያየን ስለ እናቱ አጫወተኝ፤ እናቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ይህን ካፌ ውስጥ ጠይቄ አላገኘውም ነበር።

ሐረር የሚርቃችሁ ችግኝ ተከላ፣ የመጽሐፍ ውይይት፣ ወይም ወዳጅ ቤት የሚፈላ ቡና አለላችሁ። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይፈታል፤ ጠባይም ሳይጠሩት ይወጣል።

ሲመሽ ከግንቡ ውጪ ጅቦች ሲመገቡ ለማየት ወጣን። ጅቦቹን የሚያበላው ሰው እያንዳንዱን ጅብ በስሙ እየጠራ ሥጋውን በአጭር እንጨት ያቀብላል፤ የደፈረ እንግዳም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ማጉረስ ይችላል። ልጁ እጁን አነሣ፦ «እኔ እፈራለሁ። አንቺ ከፈለግሽ ግን እዚሁ ቆሜ አይሻለሁ።» ደስ አለኝ። ደፋር መስሎ ለመታየት የማይጨነቅ ሰው ብዙ አላየሁም። ተንበርክኬ እንጨቱን ነከስኩ፤ የጅቡ ትንፋሽ ፊቴን መታው፣ ሥጋው ተመነተፈ።

በዚያ ሌሊት እኔና ባልደረባዬ አንድ ክፍል፣ ወንዶቹ ሌላ ክፍል አደርን። እሑድ ወደ ድሬ ስንወርድ ሌላ ቀጠሮ ያዝን፤ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ቀፊራ ገበያ። ለእናቱ የሚገዛው ዕቃ አለ። ዋጋ ሲከራከር ላየው እፈልጋለሁ።